የስድስታችን ዜሮ

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ሸሚዝ ለብሼ ለመቆለፍ አስራ ሁለት ደቂቃ። ያለፈው ሳምንት አስራ አራት ነበር። በግራ እጅ ብቻ።

ይህንንም የምጽፈው በግራዬ ነው። ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይመስላል። አራት ኪሎ ላይ የታክሲ በር ሦስት ጣቴን ከሰበረው ሁለት ወር ሊሆን ነው። አጥንቱን በሽቦ አያያዙት፣ ከጭኔ ቆዳ ወስደው ለጠፉበት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ... በቀኝ እጄ ከእንግዲህ አልጽፍም።

ጥር 13

ሐኪሜ ዶክተር ፍዮሪ ጥናት ጀምራለች። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጣትን በቀን ሦስት ጊዜ ማሠራት ይሻላል ወይስ ስድስት? ፈርሜ ገባሁ። በዕጣ ስድስት ደረሰኝ። በየማክሰኞው ቅጽ እንሞላለን። ዜሮ ማለት ሕመም የለም፣ አስር ማለት አይቻልም።

ሌሊቱን ሕመሜ ሰባት ነበር። "ተመስገን" ብዬ ዜሮ ጻፍኩ። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ እያከመችን፣ እንዴት ሰባት ይባላል?

ጥር 20

ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ላይ ሙሄ አጠገቤ ተቀመጠ። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ልብስ ሰፊ ነው፤ አውራ ጣቱን ነው የሚታከመው።

"ጋሼ፣ ስንት አሉ?"

"ዜሮ።"

"እኔም አልሐምዱሊላህ፣ ዜሮ! አስተማሪ ይሳሳታል እንዴ?"

ከሙሄ ቀጥሎ ያሉት ሴትዮ ከእሱ ገለበጡ። ከእሳቸው ሌላው... ስድስታችንም ዜሮ። ሳቅኩ። ምኑ ነው ያሳቀኝ?

ጥር 21

ጣቴን ሳጥፍ ከጫፉ እስከ መዳፌ የሚቀረው፦ 5.2 ሴንቲ ሜትር። ከሳምንት በፊትም 5.2። ለምን?

ጥር 27

ዶክተር ፍዮሪ ስድስቱን ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ ይድናል። የጣት ልምምዱን ትተን እርስዎን እናጥና?" ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "በዚህ ወረቀት ምን ብዬ ነው የምወስነው?"

ስንቱን ኮራጅ ከፈተና አስወጥቻለሁ! አሁን ራሴ አስኮረጅኩ። ያውም የተሳሳተ መልስ።

"ሰባት ነው" አልኳት። "ስድስት ጊዜ ያልሽውንም ከሁለት አላሳልፍም። ያመኛል።"

"ውይ ጋሼ! ምነው ዝም አሉ?"

"እንዳይከፋሽ።"

ጣቴን የሚይዘውን የፕላስቲክ መደገፊያ ፈታች። ጠርዙ ትንሿን ጣት ነክሶ አቅልቷታል። ሙቅ ውኃ ውስጥ አለስልሳ ጠርዙን አቀናችው። አለቀ። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት?

ዜሮዬን ላጥፋ ብዬ ላጲስ ስጠይቅ ከለከለችኝ።

"እዚህ ስሕተት አይጠፋም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ ያለው ይነበባል። ከዚያ ቀንና ፊርማ።"

ምነው ይህን በማስተማር ዘመኔ ባወቅኩት!

የካቲት 4

አግዳሚው ላይ ሰው አራርቄ አስቀመጥኩ። ሙሄ አንገቱን አሰገገ።

"ወደ ራስህ ወረቀት!"

"ኧረ ጋሼ፣ ስለ ራሴ ጣት ነው የምጠይቅዎት!"

አምስት ጻፈ። መርፌ ሲይዝ ያመው ኖሯል። ለካ ማንም ጠይቆት አያውቅም... ወይስ ሳይጠየቅ መልሱን ሰጥቼው ነው?

የእኔ፦ ሕመም 4። 4.3 ሴንቲ ሜትር።

የካቲት 18

2.8 ሴንቲ ሜትር። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ሳላጎድል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ሕመም 1። አንድ ከሆነ አንድ ነው። 0.9 ሴንቲ ሜትር። ሸሚዝ፦ ሁለት ደቂቃ፣ በሁለት እጅ።

"ታዲያ ሦስት ይሻላል ስድስት?" አልኳት።

"ገና ነው! ተማሪ ሆነው ውጤት አስቸኮለዎት?"

ቤት ገብቼ የጥር 6ን ገጽ ከፈትኩ። "በቀኝ እጄ ከእንግዲህ አልጽፍም" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ከሥሩ ይነበባል። ቀን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

በቀኜ።