ካርታው ተሸፍኖ የተሰጠ ነጥብ

ውድ ግራዲ ሆልኮም፣

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሜ ከገዛ ሥራዬ ላይ የጠፋው በአንተ ምክንያት ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያውን አልወቅስም። በስምንት ዓመቴ ከትምህርት ቤት አውጥቶ የአርካንሶ ጥጥ ውስጥ የከተተኝን አባቴንም ይቅር ብዬዋለሁ። አንተን ግን ገና ነኝ። "ውድ" ያልኩህ አስተማሪዬ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ስላለኝ ነው።

ይህን ማንም አልጻፈልኝም። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ አራት ወረቀት ቀድጄበታለሁ፤ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስንተዋወቅ ላስ ቬጋስ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ካርታ ያደልኩ ሴት ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም። ካርታ ላይ ያሉት ምልክቶች ለእኔ ሥዕሎች ነበሩ፤ የሰው ፊትም እንዲሁ። የእጄ አንጓ ታምሞ ሥራዬን ስተው አንተ ሰዎች በብዙ ገንዘብ ፖከር፣ ማለት የካርታ ቁማር፣ በሚጫወቱበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተንታኝ ሆነህ ተቀጠርክ። በየዝግጅቱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከአሥር ነጥብ ትሰጣለህ። "የግራዲ ሚዛን" ተባለ። ተጫዋቾቹ ገንዘብ ከማጣት ይልቅ ከአንተ አፍ "ሦስት" መባልን ይፈሩ ነበር።

ሚዛኑ የእኔ ነበር፤ ይህን ከአንተ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ማክሰኞ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ገና ያልተላለፈውን ቅጂና በወረቀት የተጠቀለለ የጎድን ጥብስ ይዘህ ቤቴ ትመጣለህ። እኔ የቴሌቪዥኑን የታችኛውን ጠርዝ በፕላስተር እሸፍነዋለሁ፤ የተጫዋቾቹ ካርታ ለተመልካች የሚታየው እዚያ ነውና።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ካርታውን ለማየት ይሞታል፣ አንቺ ትሸፍኚዋለሽ!" ትለኝ ነበር ጣትህን እየላስክ።

"እነሱ የባላጋራቸውን ካርታ አያዩም። እኔ አይቼ ብፈርድባቸው ግፍ ነው።"

"ተመልካች ግፍ አያውቅም።"

"አንተ ብላ። እኔ ልይ።"

እኔ አያለሁ፣ እናገራለሁ፤ አንተ ትጽፋለህ። አንድ ቀን "ስሜስ?" ስልህ፣ ዝግጅቱ ሲያልቅ ከሚያልፈው ጽሑፍ ላይ በጣትህ አሳየኸኝ። "ይኸው፣ ከታች ሦስተኛው መስመር። ቨርሊን ቱሊ ይላል።" በየሳምንቱ ያን መስመር ተነሥቼ ቆሜ እጠብቀው ነበር። ጎረቤቴን ኦፓልን ጠርቼ አሳይቻታለሁ። መነጽሯን እያስተካከለች "አየሁት የኔ እህት፣ ያምራል" አለችኝ። ልታሳፍረኝ አለመፈለጓ የገባኝ በኋላ ነው።

በስድሳ ሰባት ዓመቴ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለአዋቂዎች ፊደል ያስተምራል ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። አስተማሪው ሚስተር ኦካምፖ ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ያ መስመር ሲመጣ አነበብኩት። ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። "የተንታኞቹ ሙሉ ልብስ ንጽሕና" ይልና የአንድ ልብስ አጣቢ ቤት ስም ይከተላል። አሥራ አንድ ዓመት በልብስ አጣቢ ስም ስኮራ ኖሬያለሁ፣ ግራዲ።

አልጮህኩም። ካርታ አዳይ ጠረጴዛ ላይ አይጮህም። ማክሰኞ ስትመጣ "ታምሜያለሁ" ብዬ በሩን ዘጋሁት። የዚያን ሳምንት ነጥብ ለመጀመሪያ ጊዜ ራስህ ሰጠህ።

እንዴት ያለ ሳምንት መረጥኩልህ! አዘጋጇ ፔትራኪስ በመጨረሻው ውድድር ላይ አንድ ወንበር ክፍት መሆኑን ተናገረች። ወንበሩ ከፍተኛ ነጥብ ላገኘ ተጫዋች ይሰጣል፤ የቀሩት ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ኬሲ ድራም ነው፣ ያ አፉ የማያርፍ የዳላስ ልጅ። ሌላዋ ዶሎሬስ ባካ ናት፣ የኒው ሜክሲኮ የከብት ሐኪም፣ ባሏ ከሞተ በኋላ መጫወት የጀመረች።

በዚያ ሳምንት ኬሲ ባዶ እጁን፣ የረባ ካርታ ሳይዝ፣ ያለውን ቺፕ፣ የቁማሩን ገንዘብ ሁሉ፣ ወደ መሃል ገፋ። ዶሎሬስ ሁለት ንግሥት ይዛ አራት ደቂቃ አሰበችና ካርታዋን ጣለች፣ ገንዘቡን ለቀቀችለት። ኬሲ ባዶ እጁን ገልጦ አሳያት፣ "ሐኪም፣ ላሟ አመለጠችሽ!" ብሎ አዳራሹን አሳቀባት። አንተም አብረህ ሳቅክና ለእሱ ዘጠኝ፣ ለእሷ ሦስት ሰጠህ።

እኔ ግን ሲተላለፍ ቤቴ ሆኜ፣ ጠርዙን ሸፍኜ አይቼው ነበር። ኬሲ ስድስት ሰዓት ሙሉ እንዲያ የገፋው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሦስቱንም ካርታው ሲገለጥ እውነተኛ ሆኖ። በአራተኛው ያመነችው ሴት ፈሪ አይደለችም፤ ስታይ የዋለች ናት። እሱ ደግሞ በኋላ ሲጠየቅ "ምንም የላትም ብዬ ነው" አለ። ምንም የሌላትን ሴት ለማስወጣት ያለህን ሁሉ ትገፋለህ? ዝንብ ለመግደል ቤት እንደማቃጠል ነው። ያሸነፈ ሁሉ ጎበዝ ይመስልሃል፤ የአንተ ስሕተት ሁልጊዜም ይኸው ነው።

ይህን በእጄ ጻፍኩት፣ ሁለት ገጽ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ስቱዲዮ ድረስ ወስጄ ለፔትራኪስ ሰጠኋት። አነበበችውና አስጠራችህ።

"ይህቺን ወይዘሮ ያውቋታል?"

"ቨርሊን ናት" አልክ ፈገግ ብለህ። "ድሮ ካርታ አዳይ ነበረች። አንዳንዴ አብረን እናያለን። ዕድሜ ነው፣ ትንሽ ይደባለቅባታል።"

ፔትራኪስ ሁለቱ የተጫወቱበትን፣ እኔም አንተም ያላየነውን ቅጂ አስከፈተችና የአንገት ልብሷን የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ጣል አደረገች።

"ካርታው ሳይታይ ምን ይመዘናል?" ብለህ ተቆጣህ።

"ተጫዋቾቹስ ምን እያዩ የሚጫወቱ መሰለህ?" አልኩህ። የካሜራ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ቀረቡ።

ሦስተኛዋ የልብ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ስትወርድ ኬሲ ዓይኑን ወደ ቺፑ ጣል አደረገ፣ ቶሎም መለሰው። ከዚያ ገፋ።

"ባዶ ነው" አልክ። "ልማዱ ነው።"

"አምስት ልብ ሲጠብቅ ነበር፣ ሞላለት" አልኩ እኔ። "እሷ ትልቅ ጥንድ ይዛለች፣ አስ ይመስለኛል። ዓይኑን አይታበታለች። ትጥላለች፣ ልክም ናት።"

ዶሎሬስ ጣለች። ፔትራኪስ ጨርቁን አነሣችው። እሱ ሁለት ልብ፣ ከጠረጴዛው ሦስት ጋር አምስት፣ ጥንድን የሚበልጥ፤ እሷ ሁለት አስ።

"ዕድል ነው!" አልክ።

"እውነትህን ነው፣ አንድ እጅ ምንም አይመሰክርም" አልኩ። "ልጄ፣ ሌላ አምጪ።"

ሰባት አየን። እኔ አምስቱን አገኘሁ፣ አንተ አንዱን። ስንጨርስ፣ አዳይ ከጠረጴዛ ሲነሣ ምንም እንዳልደበቀ እንደሚያሳየው፣ እጄን አጨበጨብኩና መዳፌን ገልብጬ ለካሜራው አሳየሁ።

"ወይዘሮ ቱሊ፣ ለአቶ ሆልኮምስ ስንት ይሰጧቸዋል?" አለችኝ ፔትራኪስ።

"ሁለት። አንዱ ለድምፁ፣ አንዱ ለጎድን ጥብሱ።"

ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሣሪያውን አስቀመጠ። አንተ ኮትህን ይዘህ ወጣህ።

የውድድሩን ወንበር በእኔ ነጥብ ዶሎሬስ ወሰደች። በመጨረሻው ውድድር ሦስተኛ ወጣች፤ ሁለት ጊዜ የተሻለ ካርታ ይዛ ገብታ የመጨረሻዋ ካርታ ከዳቻት። ዘጠኝ ሰጠኋት፣ በራሴ አፍ፣ ፔትራኪስ በሰጠችኝ በአንተ የተንታኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ላሸናፊው ስድስት። አገሩ ተንጫጫ፤ ደብዳቤ በከረጢት መጣልኝ። የሚሰድቡኝንም አነበብኳቸው፣ እያንዳንዱን፣ ማንንም ሳላስቸግር። ስድብ ራስህ ስታነበው እንዴት ደስ እንደሚል አታውቅም። ዶሎሬስ ከእርሻዋ አንድ ካርድ ላከችልኝ፦ "ልክ እንደነበርኩ ከራሴ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው።" ሚስተር ኦካምፖ ለተማሪዎቹ በሙሉ አነበበላቸው።

ባለፈው እሑድ ስልኬ ላይ ድምፅህን ትተህ ነበር። ሬኖ ውስጥ አዲስ ዝግጅት ሊጀመር መሆኑን ነግረኸኛል። "ቨርሊን፣ እንደ ድሮው እንሁን። ዓይኑ አንቺ ጋ ነው፣ አፉ እኔ ጋ። በዚህ ዕድሜሽ ካሜራ ፊት መድከም ምን ያደርግልሻል?" ብለሃል። ሁለቴ አዳመጥኩት። ድምፅህ አሁንም ያምራል፤ ቁስሌም አሁንም ይነካል። ግን ሳዳምጥህ አንድ ነገር ገባኝ፤ እኔ አስፈልግሃለሁ፣ አንተ ግን ከጅምሩም አላስፈለግከኝም፤ ያስፈለገኝ ፊደል ነበር።

ሬኖ ሂድ። ሰውም ፈልግ። እኔ ግን ከእንግዲህ፣ አንተ እንድትናገርበት፣ አላይልህም።

ቨርሊን ቱሊ
በገዛ እጄ