ለልጃችን ስለነገርካት ባሕር

ማርቆስ፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ «ጊዜ ሲያልፍ ይበርድልሻል» ይለኝ ነበር፤ አልበረደልኝም። መናፈቁንስ ናፍቀኸኛል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን የምጮህበት ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እናትህ ከተበላ ከተማ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀምረዋል። ሞተርህን ወንድሜ ኢያሱ ይነዳታል፤ ድምጿን ከሩቅ ስሰማ አሁንም አንተ ከሥራ የመጣህ እየመሰለኝ እነሳለሁ፤ ከዚያ በራሴ እናደዳለሁ። ከበሩ አጠገብ የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። ሶስና የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ስሟን ትጽፋለች፤ ስምህንም ታነባለች።

ያን ጠዋት ታስታውሰዋለህ? ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል የምንሄድበት መኪና ደጅ ቆሞ ነበር። ሰውነትህ ዓይኔ እያየ ሲያልቅ ለወራት «ጨጓራ ነው» ስትለኝ ከርመሃል። ሶስና እግርህ ላይ ተጠመጠመች። ቁጢጥ ብለህ «ባሕር ልሄድ ነው፣ የኔ እመቤት። የምናርፍበት ቤት ፈልጌ አንቺንና እማን እወስዳችኋለሁ» አልካት። ከዚያ ቀና ብለህ እኔን ጠቀስከኝ። ያቺን ጥቅሻ እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

መንገድ ላይ «ደውልላትና ታምሜ ነው በላት» ብዬ ለመንኩህ። «ስመለስ እነግራታለሁ» አልክ። እንደማትመለስ ታውቅ ነበር። የሐኪሙን ወረቀት ከቀብርህ በኋላ የሥራ ቦርሳህ ውስጥ አገኘሁት። ጉበትህ እንዳበቃለት ከነገሩህ ሦስት ወር አልፎት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ዝም አልከኝ።

የቀብርህ ዕለት እህትህ «ልጅቷ ለቅሶ አትይ» ብላ ሶስናን ወደ አረካ ወሰደቻት። ሰባኪው «ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር» እያለ ሲያመሰግንህ እኔ ከድንኳኑ ወጥቼ ጓሮ እንሰቱ መሃል ቆምኩ። ልጅቷ ስትመለስ ድንኳኑ ፈርሷል። «አባስ?» አለች። እህትህ ቀደመችኝና «ባሕር ነዋ ያለው» አለቻት። ጎረቤቱ ያንኑ ደገመላት። እኔም ደገምኩ። አፌ ላይ እየመረረኝ ከዓመት በላይ ደገምኩ። በራሴም ተቆጥቻለሁ፤ ውሸቱን ጀምረህ የሄድከው ግን አንተ ነህ።

ዘንድሮ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ ሶስና «ባሕር እንሂድ» እያለች አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ። በሁምቦ ወርደን፣ የአባያን ሐይቅ በግራችን እያየን፣ ዳር ዳሩን አርባ ምንጭ ድረስ ልንሄድ ተስማማን። ኢያሱ ከጓደኛው መኪና ለመነ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተን ማቀድ ጀመርን። የት ቆመን ሙዝ እንደምንገዛ፣ መኪና ቢያስመልሳት ምን እንደምንይዝ፣ ለቆላው ፀሐይ የትኛው ባርኔጣ እንደሚሆናት ተነጋገርን። አንተ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ ኢያሱ «ለመሆኑ ስንት ሰው ነን?» ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሶስና መለሰች።

«ስንሄድ አራት ነን፤ ስንመለስ አምስት።»

ኢያሱ አንገቱን ደፋ። ማታ ልብሷን የከተተችበትን ቦርሳ ስከፍት ከታች ቡናማ ጫማህን አገኘሁት። በጨርቅ ወልውላዋለች።

በማግስቱ እናትህን «ልነግራት ነው» አልኳቸው። ጎዳሬ እየላጡ ነበር። ቢላውን አስቀመጡና መጀመሪያ በወላይትኛ፣ ቀጥሎ በደንብ እንድሰማቸው በአማርኛ ተቆጡኝ።

«እኔ አንዴ ቀብሬዋለሁ። እዚህች ልጅ አፍ ላይ ገና በሕይወት አለ። ከዚያም አውጥተሽ ልትቀብሪብኝ ነው?»

«እማማ፣ ውሃው ዳር ቆማ ስትጠራውስ ማን አቤት ይላታል?» አልኳቸው።

«እኔ እዚያ መኪና ውስጥ አልገባም» ብለው ተነሱ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ተበላ ወሰድኳት፤ የአባትህ ማሳ ዳር፣ መቃብርህ ድረስ። ስምህን ጣቷን እያስኬደች አነበበችው።

«አባ እዚህ ነው? ከባሕሩ ተመለሰ?»

«ባሕር አልሄደም፣ ሶሲዬ። ታሞ ነበር። ሞተ።»

«ታዲያ ለምን ባሕር አለኝ?»

ይህን መመለስ የነበረብህ አንተ ነበርክ። በፀሐይ፣ ከልጄ ፊት ተንበርክኬ መልስ ፈለግሁልህ። «ስለሚወድሽ ነው» ልል ነበር፤ እሱን አልሰጥህም አልኩ።

«ፈርቶ ነው» አልኳት።

«እናንተስ?»

«እኛም ፈርተን ነው።»

ወደ ሶዶ ተመለስን። ቤት ስንደርስ ጫማህን ከቦርሳዋ አውጥታ በእናትህ በር ላይ አስቀመጠችው፤ «አልሄድም» አለች። ኢያሱን «መኪናው ይቅር» አልኩት። ረቡዕ ጸጉሯን እየሠራኋት ሳለ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ባሕሩስ? እሱም ውሸት ነው?»

ማበጠሪያውን አስቀምጬ ኢያሱን ጠራሁት። ያደረግከውን አየህ? ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ውሃ መኖሩን ተጠራጠረች! በዚያች ሰዓት ፊቴ ብትቆም ኖሮ ሟችነትህን አላይልህም ነበር።

ኢያሱ እንደገና ሄዶ መኪናውን ለመነ። አርብ ወጣን፤ እናትህ እንዳሉት ቀሩ። ቁልቁለቱን ወርደን ጥቂት እንደሄድን አባያ ከግራር ዛፎቹ መሃል ብቅ አለ፤ ኢያሱም ዳር ይዞ አቆመ። ሶስና መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። አንተ በሰማያዊ ቀለም ትስልላት ነበር፤ ውሃው ግን ቀይ አፈር የተበጠበጠበት ነው። ከመኪናው ወርደን ወደ ውሃው ስንጠጋ ዓሣ አጥማጆች አዞ አለ ብለው ስላስጠነቀቁን ራቅ ብለን ቆምን። ድንጋይ ወረወረች፤ አልደረሰላትም። ጠጋ ብላ ልትወረውር ስትል በቀሚሷ ያዝኳት። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁለት ሙዝ በላች። አርባ ምንጭ አድረን እስክንመለስ ድረስ አንዴም አልጠራችህም።

ስንመለስ እናትህ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሶስና ከመኪናው ዘላ ወርዳ ሮጠችባቸው።

«አያቴ፣ ባሕሩ አለ! አባ ነው የሌለው።»

እናትህ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። በእሷ ፊት ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነው። ልጅህም አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ነጠላቸውን ጎትታ ራሷ ላይ አደረገችና አብራ አለቀሰች። እኔ አላስቆምኳቸውም። ለቅሶህን በዓመት ከአራት ወሩ ተቀመጠችልህ።

አልረሳህም፣ ማርቆስ፤ ቃሌ ነው። ሁምቦ ተራራ ላይ ስለተከልካቸው ዛፎች እነግራታለሁ። ዳጣውን በእንጀራ ዝቀህ እንባህ እየወረደ «ኧረ አያቃጥልም» እያልክ እንዴት ታስቀን እንደነበር እነግራታለሁ። ያን ጠዋት እንዴት እንደጠቀስከኝም፣ ስታድግ፣ ምንም ሳልቀንስ እነግራታለሁ። ሳስታውስህ እንደ ሰባኪው አሳምሬ አይደለም፤ እንደነበርክ ነው። ይቅርታዬን አትጠይቀኝ። ከእኔ በፊት የእሷ ተራ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና ልጅ ናት። ጠብቅ።

የሶስና እናት