ወንዝ ለኪዋ አክስታችን፣ «እትዬ ሜትር»

በመሥሪያ ቤታቸው «እትዬ ሜትር» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት አክስታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አምስተኛ ልጅ፣ ከሴት ግን የመጀመሪያ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በተወለዱበት ሰፈር ተምረው በ1963 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመረቁና በውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው በክረምት የወንዙን ፍሰት፣ በበጋ ደግሞ ወደ መስኖ ቦዮች የሚገባውን ውሃ መለካት ነበር። ገበሬዎች በውሃ ተራ ሲጣሉ «እሷ ትምጣና ትለካው» ይባባሉ እንደነበር ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ።

በ1966 ዓ.ም. የመስክ ባልደረባቸውን አግብተው በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባልና ሚስቱ አብረው መስክ ሲወጡ መንገድ ለመንገድ ሲነታረኩ ስለሚውሉ ሹፌራቸው «እነዚህን ከመጫን ጠጠር መጫን ይሻላል» ይሉ ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ግን በዓይን ብቻ ይግባቡ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሳለ ባለቤታቸው ወንዙን በሚያቋርጠው ሽቦ ላይ በተንጠለጠለው ሳጥን ተቀምጠው መለኪያውን ወደ ውሃው አወረዱ። አክስታችን ዳር ቆመው፣ መለኪያው በዞረ ቁጥር በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማውን ጠቅታ ይቆጥሩ ነበር። ደራሽ ውሃ ያመጣው ግንድ ሳጥኑን ገለበጠው። ባለቤታቸው ወደቁ፤ መለኪያው ግን ውሃው ውስጥ መዞሩን አላቆመም። አክስታችንም መቁጠራቸውን አላቆሙም ነበርና ማዳመጫውን ከጆሯቸው ያወለቁላቸው ሌሎች ናቸው። ለሳምንታት ቢፈለግም አስከሬን አልተገኘም።

የቤተሰቡ ታላላቆች ሐዘን እንዲቀመጡ ሲለምኗቸው «ገና አልመጣም፤ ምን ብዬ ላልቅስ?» አሉ። ጥቁር አልለበሱም። ከዚያ ወዲህ የቤታቸው በር ተቀርቅሮ አያውቅም። ክረምት በመጣ ቁጥር ደረቅ ሱሪ፣ ሸሚዝና ሹራብ በላስቲክ ጠቅልለው «ሲወጣ ይበርደዋል» እያሉ ወንዙ ዳር ወዳለው የመለኪያ ጣቢያ ይወስዱ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሱሪውን ሰፋ ባለ ሱሪ ተኩት። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «እስካሁን ወፍሮ ይሆናል እኮ» አሉ። መጀመሪያ ላይ ይስቁ የነበሩት ባልደረቦቻቸው ኋላ መኪናው ውስጥ ለጥቅሉ ቦታ ይለቁለት ጀመር። ወደ ዋናው ቢሮ በእድገት እንዲዛወሩ ሁለት ጊዜ ተጠይቀው እምቢ አሉ። አንድ ቀን ለክተው ከጨረሱ በኋላም ማዳመጫውን ሳያወልቁ ቢቆዩ፣ አለቃቸው ምን እንደሚያዳምጡ ጠየቋቸው። «እሱ እየቆጠረ ነው» አሉ።

በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በስድስት ዓመቷ አባቷን ያጣችው ልጃቸው አግብታ፣ ወልዳ፣ ራሷም ሽበት ስታበቅል «እማዬ፣ አባዬ ሞቷል በይኝና ልረፍ» አለቻቸው። እሳቸውም «አንቺ አልቅሺው፤ አልከለክልሽም» አሏት። ልጅቱም በገዛ ቤቷ ለአባቷ ሐዘን ተቀመጠች። በማግስቱ አክስታችን ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ገብተው ከአጠገቧ ተቀመጡ። እጇን ይዘው «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት። እዚያ የነበርን ሁሉ የምንገባበት ጠፋን። እሳቸው ግን ጥቂት ተቀምጠው፣ ቤት ሰው ሊመጣ ይችላል ብለው ተነሡ።

አክስታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ባለቤታቸውን «ሟቹ» ብለን ጽፈን ነበር። አባቷን ያለቀሰችው ልጃቸው አንብባ «እሱን ሰርዙት። ዛሬ በእሷ ቃል እንሂድ» አለችን፤ ሰረዝነው።

አክስታችንን ያጧቸው አንዲት ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ሁለት ወንድሞቻቸውና ባለቤታቸው ናቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን መጠበቅ በሌለበት ያሳርፍልን።