ጥሬ ድንችና ጥቁር ውሃ

ኅዳር 4፣ ጠዋት 1 ሰ.
በርሜሎቹን ገለበጥን። ቆዳ ያለፋንበት የግራር ቅርፊት ውሃ ጠቁሮ ወደ ቦዩ ወረደ፣ እንደ ሁልጊዜው። የቀበሌው ሊ/መንበር እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። ውሃው በአሥር ቀን ካልጠራ የቆዳ ማልፊያ ቤቴ ይታሸጋል አለኝ። እኔው ልዝጋው አልኩት። ስድስት ሠራተኛ መበተን አሻጥር ነው፣ ያሳስራል አለ። መክፈትም መዝጋትም ወንጀል። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ሌላ የምነግርህ የለም።

ኅዳር 6
መ/ር ቶሎሳ አመሻሽ ላይ መጣ። ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ ጸሎት ቤታችን ሳይታሸግ አብረን እንዘምር ነበር። በዚያው ጉዳይ ታስሮ ወጥቷል። ዳግም ቢያዝ አይመለስም። ችግሬን ሰምቶ ድንች ጠየቀኝ። ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ተወው። ቆይቶ ጠቆረ። ድንቹ ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፣ አየር ሲያገኝ እንዲህ ያደርጋል አለ። የቅርፊቱንም ቀለም እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ከብዶ ይዘቅጣል። ለማገዝ ቁስል ላይ አረፋ የሚያወጣው የፋርማሲ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ተረት መሰለኝ። ግን ሌላ ምን አለኝ።

ኅዳር 8፣ ማታ
ከሸፈ። አንድ ኩንታል የመቂ ድንች፣ ውሃው ግን ያው ጥቁር። ድንቹን የደቆሰችውን ቦንቱን ጠየቅኋት፤ ከሠራተኞቼ አንጋፋዋ ናት።
«ቀቅዬ ነዋ ጋሼ። ጥሬ ድንች ማን ይደቁሳል?»
ቶሎሳ አመሻሽ ላይ መጥቶ ሲሰማ ሳቀ። ኢንዛይሙን ገድላ ቀብራዋለች አለ። ሙቀት አይችልም።

ኅዳር 9
ጥሬውን በሙቀጫ ደቆስን። በቀዝቃዛው የበርሜል ውሃ ላይ ጨምረን የፋርማሲውን ጠብ አደረግንበት። ከምሳ በኋላ ጥቁሩ ታች ተኛ፤ ላዩ ቀጭን ሻይ መሰለ። አተላውን ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ደፋን። ይሸታል፣ የሚጠጋው የለም። ከስንት ቀን በኋላ እህል በላሁ።

ኅዳር 12፣ ጠዋት
ሊ/መንበሩ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን አነሳው። ደስ አለው። ከዚያ ዞር አለና፦
«አቶ በቀለ፣ ይሄ የነጋዴ ጭንቅላት ያመጣው አይደለም። አመሻሽ አመሻሽ እየመጣ የሚያስተምርህ ማነው? ወይስ በጸሎት ነው የምታጠሩት?»
አብረውት የመጡት የቀበሌ ጥበቃዎች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የአስተማሪዬን ስም ይዤ ነገ ቀበሌ እንድቀርብ ታዘዝኩ። ዝም ካልኩ ድብቅ ስብሰባ ነበር ይባላል። ከተናገርኩ ቶሎሳ አለቀ። ውሃው ባይጠራ ይሻል ነበር።

ያው ዕለት፣ 11 ሰ.
አስልቼ ጨረስኩ። ሊ/መንበሩ የሠፊው ሕዝብ ፈጠራ የሚባል ነገር ይወዳል። ሠራተኛ አገኘችው ካልኩት ለበላዮቹ ሊያወራ ይሮጣል፣ ሌላ አይጠይቅም። ፈጠራው የሠራተኛ ከተባለ ግን ቤቱም ለሠራተኞች ማኅበር ይሄዳል። ጎረቤቴ ሳሙና ቤቱን ያጣው እንዲሁ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ድካሜ።
ቦንቱን ጠርቼ ያገኘችው እሷ ናት እንደምል፣ አደጋውንም ሁሉ ነገርኳት። እሷም፦
«አመሻሽ የሚመጣው ባሌ ነው እላለሁ፣ እኔን ሊወስድ። ቁመቱ ከመምህሩ ጋር አንድ ነው። ስለ መቀቀሌስ ልንገራቸው፣ ጋሼ?»
ተዪው አልኳት።
አሁን ጓሮ ትደቁሳለች፤ ነገ በፊታቸው እጇ እንዳይሳሳት። ቶሎሳ ድርሽ እንዳይል ላክሁበት። የማልፊያ ቤቱን ቁልፍ ከቀለበቱ ፈትቼ ኪሴ ከትቻለሁ፤ ሳይጠይቁኝ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረዋለሁ። የቀረኸው አንተ ነህ፣ ማስታወሻዬ። የቶሎሳ ስም የተጻፈው አንተ ላይ ብቻ ነው። በላስቲክ ጠቅልዬ አተላው ጉድጓድ ውስጥ እከትሃለሁ፤ እዚያ እጁን የሚሰድ የለም። ቦንቱ አካፋውን ይዛ መጣች።