ጣሳ ሙሉ ማዞሪያ

ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ጆሮሽ እንደዚያው ነው ወይስ ትንሽ ተሻለው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እህል ውሃ ይወርድልኛል፣ ሥራዬንም አልተውኩም። የቀረውን ከታች እነግርሻለሁ።

ይህን ወረቀት ያመጣልሽ ሾፌሩ የወንድሜ ልጅ፣ ቤት እንደገባ ሳይስምሽ በቀጥታ ወደ ጋዝ ሲሊንደሩ ሄዶ ዘግቶት፣ መስኮቱንም ሁሉ ከፋፍቶት ከሆነ አትቆጪው። ምን ዓይነት ስድ ሆነ እንዳትይ፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ከእሱ በፊትም ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ ደውዬላት ማሞቂያውን አጥፍታልሽ ነበር። ግን አንቺን አውቅሻለሁ፤ እሷ ዞር ስትል መልሰሽ ትለኩሺዋለሽ። ለአንቺ በስልክ ብነግርሽ ደግሞ እዚያ ብርድ ነው ወይ ብለሽ ሌላ ወሬ ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን፤ አማችሽ ያመጣልሽን ማሞቂያ ከእንግዲህ አትለኩሺው። ብርዱ ቢከፋም፣ እሱ ራሱ መጥቶ ቢምልልሽም አትለኩሺው።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ጠዋት ጠዋት ራስሽን እያመመሽ ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ እንደሚተውሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ድመቷን ማሞቂያው ሥር እንደተኛች ሞታ እንዳገኘሻት። ግድግዳው ጥላሸት እንደለበሰ፣ ከላዩ የተሰቀለው የሠርጋችን ፎቶም እየጠቆረ አስቸግሮሽ በየቀኑ በጨርቅ እንደምትወለውዪው። ሁሉንም በእርጅና አሳበብሽው፤ የድመቷን ሞት ሳይቀር። ደብዳቤሽን ለአማችሽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ድመትም እኮ ታረጃለች አለኝና ዜናውን ማየት ቀጠለ። ያን ጊዜ እኔም ምንም አልገባኝም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። እሱ የሚገጥማቸው ማሞቂያዎች በሁለት ዓይነት ጋዝ ይሠራሉ፤ እዚህ ከተማ በቧንቧ በሚመጣው፣ ወይም እንደ አንቺ ቤት በሲሊንደር በሚሞላው። የሲሊንደሩ ኃይለኛ ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ ነው መውጣት ያለበት። ከማሞቂያው ጎን አንዲት ትንሽ ማዞሪያ አለች፤ ጋዙ የትኛው እንደሆነ የሚመረጠው በእሷ ነው። ወደ ቧንቧው ጋዝ እንደዞረች ሲሊንደር ከተቀጠለ ጋዙ ከልክ በላይ ይወጣል። እሳቱ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ይተፋል፣ ሽታ የሌለው መርዝም ቤቱን ይሞላል። ይህን ከየት ተማርሽው አትበዪኝ። ራሱ አማችሽ ለደንበኛ በስልክ በቃሉ ሲያነበንበው ሰምቼ ነው።

እያወቀ ግን የሥራ ልማድ አለው። ደንበኛ ማዞሪያዋን እየነካካ ተበላሸብኝ ብሎ እንዳይጠራው፣ አዲስ ማሞቂያ የሚሠራበት ሱቅ በገባ ቁጥር ሁሉንም ቧንቧ ላይ ያደርግና ማዞሪያዋን በፒንሳ ነቅሎ ጣሳ ውስጥ ይጥላታል። እዚህ ሲሊንደር የሚጠቀም ቤት ጥቂት ስለሆነ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጣሳው ቤታችን ነው ያለው፤ የመሣሪያ ሳጥኑ አጠገብ። አቧራውን ስጠርግ ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ።

የአንቺም ማዞሪያ እዚያው ጣሳ ውስጥ ነበረች። ሊገጥምልሽ የመጣ ቀን ማሞቂያው ሲለኮስ እየጠፋ አስቸገረው። መጥፋቱ እኮ ጤና ነበር እማዬ፤ አየሩ ሲበላሽ ራሱን እንዲዘጋ ተደርጎ ነው የተሠራው። እሱ ግን ተመልሶ ማዞሪያ ማምጣቱ ሰለቸውና፣ ስትለኩሺ ተጭነሽ የምትይዢውን ቁልፍ እንደተጫነ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ከዚያ በኋላ አልጠፋም። አንቺም እጀ ወርቅ ነው ብለሽ መረቅሽው።

ይህን እንዴት አወቅሽ ትዪኛለሽ። ባለፈው እሁድ የሥራ ጓደኛው ከነሚስቱ ምሳ ሊበላ ቤታችን መጥቶ ነበር። ከምሳ በኋላ አማችሽ ጥርሱን በቀጭን ሽቦ እየጎረጎረ ይህንኑ እንደ ጀብዱ አወራልን። ሽቦውን ከፍ አድርጎ አሳየንና አማቱን የሚያሞቃት ይህ መሆኑን ነገረን። ጫፉ ላይ ሥጋ ነበረበት። ጓደኛው ሳቀ፤ ሚስትየው አልሳቀችም።

ወዲያው ተነስቼ ለልብስ ሰፊዋ ደወልኩ። እንግዶቹ ሲሄዱ ደግሞ ራስ ምታትሽን፣ ድመቷን፣ ጥላሸቱን አንድ በአንድ አነሳሁለትና እናቴን ልትገድላት ነበር አልኩት።

«አልሞተችም እኮ» አለኝ።

ቀጥሎም ብርቱካን አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እማዬ፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ቢዋሸኝም ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ትንፋሹ ያቅለሸልሸኛል። ያቀበለኝን ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ፣ የነካውን ፎጣ አልነካም። ቁጣ ቢሆን ይበርድልኝ ነበር። ይህ ግን ቁጣ አይደለም።

በማግስቱ ጣሳውን ይዤ ወደ ሱቁ ባለቤት ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ስገለብጥላት ሴትዮዋ መጀመሪያ የልብስ ቁልፍ መስሏት ነበር። ምን እንደሆኑ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ፤ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሲሊንደር ወደሚጠቀሙ ደንበኞች መደወል ጀመረች። አማችሽ አሁን ሥራ የለውም። እህቱ የባልሽን ገመና አደባባይ አወጣሽ እያለች ትራገማለች። ትራገም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳልባል ግን ከአንቺ ነው የጀመርኩት።

አሁን ስሚኝ። ሽቦውን እፈታለሁ፣ ማዞሪያ እገጥማለሁ እንዳትዪ፤ የማሞቂያው ውስጡ ሁሉ ጠቁሯል። ዛሬውኑ ልጁ ሐኪም ቤት ይወስድሻል፤ ደህና ነኝ ብለሽ አትከራከሪው። እስክመጣም ልብስ ሰፊዋ ጋ እደሪ፤ ተነጋግረናል፣ ደስ ብሏታል።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እንደ ወትሮው ሁለት ትራስ አታውጪ፤ አንድ ይበቃኛል። ያን ስዳር የሰጠሽኝን ትልቁን ሻንጣ ስለምይዝ ልጁ መናኸሪያ ወጥቶ ይቀበለኝ።

እስከዚያው አምላክ ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ። ጠዋት ስትነሺ ራስሽ ቀሎሽ፣ ዓይንሽ በርቶ ያንቃሽ። ምርቃትሽም ለእኔ ብቻ ይሁንልኝ።

ግድግዳውን ስመጣ አብረን እናጥበዋለን። ፎቶውን ግን ተይው፤ አትወልውዪው።

ልጅሽ