ለአንድ ልጅ አንድ ዘፈን፦ የወይዘሮ አልታየሽ ሳህሌ ሕይወት

ወይዘሮ አልታየሽ ሳህሌ ከአባታቸው ከአቶ ሳህሌ መኩሪያና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኂሩት ዓለምሰገድ በ1947 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው የሙዚቃ አስተማሪ ሆኑ። በ1982 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከአቶ ኃይለመለኮት ጋር ተሰደው ለንደን ገቡ፤ ኬንቲሽ ታውን ተቀምጠው አንዲት ልጃቸውን ዳናዊትን ወለዱ።

የሐበሻ ልጆች ሙዚቃዊ ቴአትር ለመማር ኮሌጅ አፕላይ ሲያደርጉ በኦዲሽኑ፣ በመግቢያ ፈተናው፣ የሚዘፍኑትን የሚመርጡላቸው እሳቸው ነበሩ። ልጁን መጀመሪያ አያዘፍኑትም፤ ያስወሩታል። ድምፁን ካወቁ በኋላ ዘፈን ፈልገው ያሳጥሩለታል፣ የት እንደሚተነፍስ ያሳዩታል። ለአንዱ የሰጡትን ለሌላ አይሰጡም፤ «በእሱ ልክ ተሰፍቷል» ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ተራው የዳናዊት ሆነ። ለራስ ልጅ መምረጥ ከባድ ነውና ከመስከረም እስከ ጥር ሲያነሱ ሲጥሉ ከረሙ። ፒያኖ የሚጫወትላቸው ጊዲዮን ነበር፤ እዚህ ላይ አንቱ ያልተባለው በስህተት አይደለም። መጠጊያ ሲያጣ ቤታቸው ያኖሩት፣ እንደ ወንድም ያዩት ሰው ነው። የዳናዊት ዘፈን ከነአቆራረጡ፣ ከነትንፋሹ እሱ ዘንድ አደራ ነበር። አደራውን በላ። እዚያው ለንደን፣ ክሮይደን ሰፈር በግሉ ለሚያስተምራት ልጅ አሳልፎ ሰጠው።

በኦዲሽኑ ቀን ያቺ ልጅ ቀድማ ገባች። ዳናዊት በር ላይ ተራዋን ስትጠብቅ የእናቷን ልፋት ከሌላ ሰው አፍ ሰማች። ገብታ ጀመረች፤ መሃል ላይ ድምጿ ተቋረጠ። ኮሌጁ የክሮይደኗን ልጅ ተቀበለ።

ጊዲዮን ሽማግሌ ላከ። ወይዘሮ አልታየሽ ሽማግሌዎቹን በወግ አስተናግደው፣ «እኔን ብቻ ቢከዳኝ ይቅር ባልኩት። የተከዳችው ልጄ ናት፤ እሷን ይጠይቃት» ብለው ሸኟቸው። እስከ ዛሬ አልጠየቃትም። ወይዘሮ አልታየሽ የሌሎችን ልጆች ኮሌጅ ሲያስገቡ ኖሩ፤ የራሳቸው ልጅ ግን ዳግመኛ አልሞከረችም። ይህ እስከ መጨረሻው አንገበገባቸው።

ባደረባቸው ሕመም አልጋ በያዙበት ወራት ዳናዊት ያንን ዘፈን አጠገባቸው ተቀምጣ ሳይቋረጥ ዘፈነችላቸው። መናገር ቢያቅታቸውም የት እንደምትተነፍስ በጣታቸው ያሳዩአት ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አረፉ።

ጊዲዮን ዛሬ ከቀብር በኋላ በአዳራሹ ፒያኖ ልጫወት ብሎ ነበር፤ ቤተሰቡ አልፈቀደም። ዳናዊት ብቻዋን ትዘፍናለች።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አደራ የማይበላ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል።