ሪባን ለታሰረበት ሣጥን ጠባቂ

ለክቡር ሲ ሙራድ ግሪብ
የደቡብ ክሊኒኮች ግንኙነት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ቱኒስ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የባሕሩ ነፋስ ተስማምቶዎት፣ ደም ግፊትዎም በልኩ ሆኖ፣ ከነቤተሰብዎ በደኅና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የበረሃው ጫፍ ክሊኒክ ሰዎች ከአሸዋውና ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት በቀር የሚያስቸግረን የለም፤ አልሐምዱሊላህ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ስለ መስመር አፋጣኙ መሣሪያ ላመሰግንዎ ነው። ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ያህል፣ መሣሪያው ጥንድ ሣጥን ነው። እኛ ዘንድ ያለው በማሽን የተነሣውን የበሽተኛውን የጭንቅላት ምስል ጠቅልሎና አቅልሎ በቀጭኗ መስመራችን ይልካል፤ ቱኒስ ያለው መንትያው ተቀብሎ እንደነበረ ይዘረጋዋል፤ የአንጎል ሐኪሙም ወዲያው አይቶ በሽተኛው የት ይወሰድ፣ ምን ይደረግለት የሚለውን ይወስናል። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብምና፣ አንዱ ሣጥን ያለ ሌላው ዕቃ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ የእኛን ሣጥን ተክለንና አስተካክለን ከጨረስን ሰንብተናል። የእርስዎ ግን በእንግዳ መቀበያዎ ጠረጴዛ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮበት የሚመርቀውን ባለሥልጣን ይጠብቃል። መብራቱ ለፎቶ ያምራል ተብሎ ኤሌክትሪኩ ተሰክቷል፤ የመስመሩ ገመድ እንዳይሰካ ግን የሪባኑ ቋጠሮ ቀዳዳውን ሸፍኖታል። ባለሙያዎ ልፍታው ቢልዎ እንደተቆጡት ሰምቻለሁ። እኔም ደውዬ ብለምንዎ የሰጡኝን ምላሽ ለብቻዬ ማስቀረት ንፉግነት ስለሚሆንብኝ እነሆ፦ «የኔ ልጅ፣ ያልተመረቀ ነገር አይሠራም። ሪባኑን የምትቆርጪው አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሁለተኛ፣ መስመሩ ይሻሻልልን ብለን ደጋግመን ስንጮህ ኮሚቴ አቋቁመውልናል፤ አላህ ይስጥልን። ኮሚቴው መክሮ ዘክሮ ምስሉን አሳንሳችሁ ላኩ አለን። አሳንሰን ላክን። ሐኪሙ በዚህ ምስል ላይ ደሙን ከጥላ መለየት አልችልም ብሎ መለሰልን። ኮሚቴው አበሉን ተቀብሎ እንደተበተነ ሰምተን ደስ ብሎናል።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልበለው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ቴምር ለቃሚው ላዝሃር ከዘንባባ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ምስሉን በመስመሩ ብንልክ እየተቆረጠ መላኩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሚስቱ ዞህራ ከማሽኑ አጠገብ ቆማ ይህን ስታይ ከቆየች በኋላ፣ ሳታለቅስ፣ «ስጪኝ፣ እኔ አደርሰዋለሁ» አለችኝ። ምስሉን የገለበጥኩበትን ዲስክ ጉያዋ ውስጥ ከትታ በጋራ ታክሲ ተሳፈረች። ክቡርነትዎ ይኩሩ፤ ያ አሮጌ ታክሲ፣ ነጂው መንገድ ላይ ለምሳ ቆሞም እንኳ፣ መስመርዎን ቀድሞ ቱኒስ ገባ።

ሐኪሙ እንዳየው ቀዶ ጥገናው ይደረግ አለ፤ ላዝሃርን ወደ ከተማ ሆስፒታል ወስደነው ተደረገም። ላዝሃር ይኖራል። ድሮ ከዘንባባው አናት ላይ ሆኖ መንደሩን ሁሉ በቀልድ ይሰድብ የነበረ ሰው ዛሬ የሚስቱን ስም መጥራት አይችልም። ሐኪሙ «ምስሉ ቀደም ብሎ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ…» አለ፤ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ፤ ለዚህ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እኛ መሣሪያ አለን ስንል ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን የመንደሩ ሰው ቢያውቅም፣ የቴምር ለቀማው ገና አላለቀም፤ ዘንባባው ላይ የሚወጡ ሰዎች ነገም አሉ። ስለዚህ ምረቃዎን እንዲያፋጥኑልን እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

የክቡርነትዎን ዕድሜና የሪባንዎን ደኅንነት ዘወትር የምመኝ፣
ዶክተር ሃጀር ዘልፋኒ፣ ከሣጥኑ ሌላኛው ጫፍ

ማስታወሻ፦ በዚያው የጋራ ታክሲ አንድ መቀስ ልኬልዎታለሁ። የላዝሃርን ሸሚዝ ቆርጠን ያወለቅንበት ነው። ታጥቧል፤ ስለቱም ደኅና ነው።